ለጽጌ ሰርግ የተጠመቀው ጠላ

ጠላ አልፈላ ያላት ሴት ከሩቅ ታስታውቃለች። እጇን ደጋግማ በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ ያልጠየቋትን ትመልሳለች፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ስለ አየሩ ታወራለች። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሐና በሬን ያንኳኳችው እንዲህ ሆና ነው። ሐና ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ግቢዬ አንዷን ክፍል ከባሏ ጋር ተከራይታ የምትኖር፣ ካገባች ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። «እማማ፣ የዘንድሮ ብርድስ ጉድ ነው!» አለችኝ። «ከደፈደፍኩት አምስት ቀኑ፤ ምንም አይልም። አማቴ ደግሞ የፊታችን እሁድ ከኮምቦልቻ ይመጣሉ» አለችና ከንፈሯን ነከሰች። ሌላ ሰው ቢሆን የጌሾውን ልክ፣ የውሃውን ቅዝቃዜ ይጠይቃት ነበር። እኔ ግን ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳላጣፋ ተነሥቼ፣ «እህሉን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። «ከሱቅ ነዋ!» ብላ ሳቀች። የተረፈውን አምጪ አልኳት። አንድ እፍኝ ዘግኜ ወደ ብርሃን ወጣሁና በነጭ መሐረብ አሸሁት። መሐረቡ ላይ ከአቧራ በቀር ምንም አልነበረም። ያኔ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

ነገሩ ብርድ ነበር። የፕላስቲክ በርሜሏን ባዶ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጣዋለች። ከሥሩ ጣውላ አስገብተን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ከጎረቤት አንድ ጣሳ የሚፈላ ድፍድፍ ለምነን ጨመርንበት፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ሽሮ መንተክተክ ጀመረ። ልጅቷ ጉንጬን ስማኝ እየዘለለች ሄደች። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ሰባን ተሻግሬአለሁ፤ ልጆች ወልጄ፣ ባል ቀብሬ፣ ስንት ዘመን ፊደል አስቆጥሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የሰው ጠላ አልፈላም በተባለ ቁጥር እህሉን በነጭ መሐረብ ለምን እንደማሽ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ኮምቦልቻ ያለችው ልጄ መሠረት ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ጠላ ደጇ አይደርስም፤ «እማዬ፣ አንቺም ተዪው፣ ሰላም የሚነሳሽ እሱ ነው» ትለኛለች። ሰላም የሚነሳኝ ጠላው እንዳልሆነ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ነገሩ እሷንም ይመለከታል። ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ ነበረች።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ደሴ የወጣሁት የአሰብ መንገድ ሹፌር የነበረውን ታደሰን አግብቼ ነው። አውቶቡሱ ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር፤ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ እንደ ሽማግሌ እያለከለከ፣ ረዳቱ ከጎማው ሥር የሚያስገባውን ድንጋይ ታቅፎ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ። የለበስኩት ሰማያዊ ቴትሮን ቀሚስ ጉልበቴ ላይ የሚቀር ነበር፤ ለኮምቦልቻ ሙቀት የተሰፋ ልብስ። ሐረጎ አናት ላይ ጉሙ ሲቀበለኝ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ፣ ሰፈሩም ያን ዕለት «ቆለኛዋ» ብሎ ስም አወጣልኝ። በዚያ ጊዜ ፒያሳ ላይ አንድ ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ከጠዋት ጀምሮ አምባሰል ቅኝት ይለቅ ነበር። ከማዶው ፎቶ ቤት አለ፤ መስኮቱ ላይ የማላውቃት ሙሽራ ፎቶ ለዓመታት ሳይነሣ ቆይቶ ቢጫ ሆኗል። ከፎቶ ቤቱ ቀጥሎ ዓረብ ሱቅ፣ ሻሽና ናይለን ካልሲ፣ በሳጥን ተምር። ጠላ በጣሳ ዐሥር ሳንቲም ነው፤ ጥሩ እጅ ያላት ሴት ቤት ከሆነ ዐሥራ አምስት። ዘመኑን አልነግራችሁም። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት፣ ዝናቡም የቀረበት ዘመን ነበር ካልኩ፣ የሚያውቀው ያውቀዋል።

የታደሰ እናት እቴቴ ብርቄ ይባሉ ነበር። የደሴ ሰው ብርቄ ይበላቸው እንጂ የተወለዱት ቢስቲማ ነው፤ ከእስላም ቤተሰብ፣ ፋጡማ ተብለው። ክርስቲያን አግብተው ክርስትና ተነሥተው፣ ዐቢይ ጾምን አንድ ቀን ሳያጓድሉ ይጾሙና ሲናደዱ ግን «ወላሂ!» ይሉ ነበር። ለእኛ አገር ይኼ ብርቅ አይደለም። በጠላ ጥመቃ ግን ብርቅ ነበሩ። ጠላ አይሸጡም፤ ለበዓልና ለሰርግ ብቻ ይጠምቃሉ፣ አንድም ጊዜ ቆሞባቸው አያውቅም ይባላል። ጋን ሲያጥኑ ሰው አያናግሩም። የወይራው ጭስ በጋኑ አፍ ሲወጣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫቸው ብቻ ይለኩታል፣ በቃ ሲሉ በቃ ነው። እኔን ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ጭስ ነበር የሚለኩኝ። «የቆላ ሰው ጠላ በሦስት ቀን ይደርስለታል፣ ትዕግሥት ከየት ያመጣል?» ይሉ ነበር፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። እኔም አፌ አርፎ አይቀመጥም፤ «ቶሎ መድረስ ነውር ሆነ እንዴ?» ብዬ በረንዳ ላይ ወጥቼ አጉተመትማለሁ። አማትና ምራት መሆን እንዲህ ነበር፣ ዛሬ ሐና አማቷን በስልክ «የኔ ቆንጆ» ስትል ስሰማ ይገርመኛል።

በዚያ ጥር የታደሰ ታናሽ እህት ጽጌ ልትዳር ሆነ። ክረምቱ ሳይዘንብ አልፎ እህል ከገበያ ጠፍቷል፤ ሰርጉን እናስተላልፍ ያለም ነበር። እቴቴ «ልጄን ያለ ጠላ አልድርም» አሉ፣ ነገሩ አበቃ። ብቅሉን ከየትም ከየትም ብለው አበቀሉ፣ ጌሾው ተወቀጠ፣ ለእንኩሮ የሚሆን እህል ግን አልተገኘም። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ቀን እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው እኔ ብቻዬን ሳለሁ፣ ወንድማቸው አያ ሰይድ ከቢስቲማ ሁለት ኬሻ ማሽላ አስጭነው መጡ። አያ ሰይድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የሚወዱ ገበሬ ነበሩ።

«ፋጡማ የለችም?» አሉ ኬሻውን ግድግዳው ሥር እያስደገፉ።

«ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ አያ ሰይድ። ይግቡ እንጂ፣ ደክሞዎታል።»

«አልገባም፣ መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል። እንግዲህ እህል አመጣሁ፤ ምን እንደምታደርጉበት አላህ ያውቃል፣ እኔ አልጠየቅኩም!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ሳይታሰብ ቆመ። «ለእህቴ ልጅ ሰርግ ባዶ እጄን ልምጣ? ወላሂ ከሞት ይከፋል። ቤት ያለውን ነው ያመጣሁት።» ዓይናቸው ሁለተኛው ኬሻ ላይ አረፈ። «እሱን ግን ደህና አድርገሽ እጠቢው፣ ልጄ» አሉኝና ሄዱ።

የመጀመሪያውን ኬሻ ስፈታ ነጭ፣ ደህና ማሽላ ነው። ሁለተኛውን ስፈታ ሽታው ቀድሞ መጣ፤ የሐኪም ቤት ሽታ የመሰለ። እህሉ ቀላ ያለ ነበር። ቀይ ማሽላ መቼም አውቃለሁ፣ የቀይ ማሽላ ቀለም ግን ጣት ላይ አይቀርም። ይኼኛው ጣቴን አቀላው። ለዘር የሚታደል እህል ነቀዝና ዋግ እንዳይበላው መድኃኒት እንደሚቀባ፣ ለአፍ እንደማይሆንም ኮምቦልቻ እያለሁ ሰምቻለሁ። ደግሞም ሰው አጥቦ እየበላው እንደሆነ ሰምቻለሁ። በዚያ ዓመት ታጥቦ ያልተበላ ምን ነበረ? ታጥቦ ነጭ ከሆነ ነጭ ነው እንል ነበር፣ ሁላችንም። ክፉው ነገር ያለው ቀለሙ ላይ ይመስለን ነበር።

ለምን እንዳልተናገርኩ ለራሴ ስንት ጊዜ አስረዳሁ! የሰባት ወር ሙሽራ ነኝ። የሰው ስጦታ አገላብጦ ማየት ነውር ነው፤ ያውም የአማት ወንድም፣ ያውም በችግር ቀን፣ ያውም እምነቱ ለማይፈቅድለት መጠጥ ብሎ ተሸክሞ የመጣውን። «ወንድምዎ ያመጡት መድኃኒት የነካው ዘር ነው» ብል «ቆለኛዋ ዘመዴን አዋረደችብኝ» ይሉኛል። ስለዚህ ኬሻውን ተሸክሜ ቦርከና ወንዝ ወረድኩ። በጋ ስለሆነ ውሃው ቀጭን ነበር። ማሽላውን በቅርጫት እያደረግሁ ሳጥበው ውሃው ሐምራዊ ሆኖ ቁልቁል ወረደ። ከታች ልብስ የምታጥብ ሴት ቀና ብላ «አንቺ፣ ምንሽ ነው የሚለቅቀው?» ብላ ጮኸች። «ሻሼ ነው!» አልኳት። አራት ጊዜ አጠብኩት። በአምስተኛው ውሃው ንጹሕ ወጣ፣ እኔም ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ እየዘፈንኩ ነው የተመለስኩት። እቴቴ ሲመጡ ሁለቱም ማሽላ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ አነሡ፣ አሸተቱ፣ መልሰው በተኑት። «ማን አጠበው?» አሉ። «እኔ» አልኩ። ባዶዎቹን ኬሻዎች አንሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ጥንስሱ ግሩም ነበር። ይኼን አስምሩልኝ፤ በኋላ ሰው የሚያወራው ሌላ ስለሆነ። ብቅሉና ጌሾው በሁለት ጋን ውስጥ በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ አረፋው አፉ ድረስ ደረሰ፣ ጆሮ ሲሰጡት እንደ ሩቅ ዝናብ ይንሿሿል። ማሽላው ተፈጭቶ፣ ዱቄቱ ተለውሶ፣ እንኩሮው በምጣድ ታመሰ። ሙቀቱ እስኪወጣ ጠብቀን ጋኖቹ ውስጥ ጨመርነው። እንኩሮው ከገባ በኋላ ድፍድፉ ይብስ ይነሣል እንጂ አያርፍም። በማግስቱ ጠዋት እቴቴ ክዳኑን ሲያነሡ አረፋው የለም። ሁለተኛውንም ከፈቱ፣ የለም። ጆሯቸውን ጋኑ ሆድ ላይ ለጥፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ እኔን «ነይ፣ ስሚ» አሉኝ። ሰማሁ። ምንም አልነበረም። ያን ዓይነት ዝምታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም፤ ሞልቶ ዝም ያለ ነገር ያስፈራል።

መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ጋኖቹን ወደ ምድጃው አስጠጋን፣ በጋቢ፣ በብርድ ልብስ፣ በታደሰ ካፖርት ጠቀለልናቸው። ካፖርት የለበሰ ጋን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀን ነበር። ለብ ያለ ውሃ ጨመርን፣ ዝም። ብቅል ጨመርን፣ ዝም። ከጎረቤት ሕያው ጥንስስ በማሰሮ አምጥተን ገለበጥንበት፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ጉምጉም አለና እሱም ዝም አለ። በራሱ ቤት ሲፈላ የነበረው፣ እኛ ጋን ውስጥ ሲገባ ሞተ። እቴቴ ይኼን ሲያዩ ፊታቸው እንዴት እንደተለወጠ አልረሳውም። ሰፈሩም ሰማ። አንዷ መጥታ ጤና አዳም ጋኑ አንገት ላይ አሰረች፣ ሌላዋ በከሰል መስቀል ሠራችበት። ጠበል ተረጨ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ከገራዶ የመጡ የእቴቴ አክስት ልጅ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ሳያሰሙ ዱዓ አደረጉ። «አብሽሪ ፋጡማ፣ ይነሣል» አሉ ሲወጡ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር። በዚያ ቤት አዲስ የገባ ነገር ቢኖር እኔ ነኝ።

ከዚያ ጀምሮ እቴቴ ጋኖቹ አጠገብ አላስደርስ አሉኝ። ልቀምስ ጣሳ ባነሣ ከእጄ ነጠቁኝ። «አንቺ አትንኪው! አፍሽ እንዳይደርስበት!» አሉ፣ ሰው ፊት። ጽጌ አቀርቅራ ወጣች። ደሜ ፈላ፤ ጠላው እምቢ ያለውን እኔ ፈላሁ። እጄ ርጉም ነው ማለታቸው ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ፣ ታደሰም መንገድ ላይ ነበር፣ የማወራው ሰው አልነበረኝም። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ማንም ሳይነሣ፣ አንድ ሙሉ ጣሳ ከድፍድፉ እየቀዱ ይጠጣሉ። መቅመስ መስሎኝ ነበር፤ ለመቅመስ ግን ጣት ነክሮ መላስ ይበቃል። ስድስት ጠዋት ጠጡት። ከተረፈው ዱቄትም ቂጣ አድርገው ለብቻቸው ሲበሉ አይቻለሁ፣ ለሌላ ሰው አልሰጡም። «ስስታም» አልኳቸው በልቤ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጥንስስ የሚገድል ምን እንደሆነ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። አውቅ ነበር። ጥንስሱ በሞተ በሁለተኛው ቀን ሐምራዊው ውሃ ዓይኔ ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር። ልናገር አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ ዘጋሁት! አሁን ብናገር «ለምን ያኔ?» ይመጣል፤ ነገ እላለሁ፣ ነገ ደግሞ ይብሳል። ሰርጉ ዐሥር ቀን፣ ስምንት ቀን፣ ስድስት ቀን ቀረው። የሚመጣው ሁለት መቶ ሰው ነው። አንዳንዴ ጠላው ሳይፈላ ይቅር ብዬ እጸልያለሁ። ከፈላ ይቀርባል፤ ከቀረበ ምን እንደሚሆን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው ብዬ እፈራለሁ። ሐና አሁን የምትኖርበት ክፍል በዚያ ሰሞን ጋኖቹ የነበሩበት ነው። ለዚህ ነው ቅዳሜ ዕለት እግሬ ደፉን አልሻገር ብሎ ትንሽ የቆምኩት፤ ልጅቷ እርጅና መስሏት ክንዴን ያዘችኝ።

በሰባተኛው ጠዋት በውሃ ድምፅ ነቃሁ። ስወጣ እቴቴ ሁለቱንም ጋን ከጓሮ በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ እየገለበጡ ነው። አተላውን እንኳ ለከብት ይሆናል ብለው አላስቀሩም፤ አፈር መለሱበት፣ በድንጋይ ደለደሉት። ከዚያ ጋኖቹን በመጥረቢያ ጀርባ መቷቸው። ከእናታቸው ቤት የመጡ ጋኖች ነበሩ። የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ከንፈራቸውን ደጋግመው ያሻሉ፣ የሆነ ነገር እንደተጣበቀባቸው። «ዓይን በላው» አሉኝ ሳያዩኝ። «የሰው ዓይን ያረፈበት ጠላ ለልጄ ሰርግ አይቀርብም።» ያን ዕለት ወደ ቢስቲማ በሚሄድ ነጋዴ ለአያ ሰይድ መልእክት ላኩ። በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ «የተረፈ ካለ ነቀዝ ገብቶበታል፣ ለአፍ እንዳታደርሱት፣ ቅበሩት በለው» ነው ያሉት። እህሉ ላይ አንድም ነቀዝ አልነበረም። ሰማሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ጽጌ ያለ እቴቴ ጠላ ተዳረች። የእስላም ዘመዶች ማር አምጥተው ብርዝ አቀረቡ፣ ጠላውን ከየጠላ ቤቱ አሰባሰብን፤ አንዱ ኮምጣጣ፣ አንዱ ቀጭን። እልል ተባለ፣ ተጨፈረ፣ ሚዜዎቹ ሱሪያቸው እንደ ደወል የሰፋ፣ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ወደ ላይ አቁመው። ወሬው ግን ከጭፈራው በላይ ነበር። «ምራቲቱ ገደ ቢስ ናት፤ እጇ የነካው ጥንስስ ይሞታል።» እቴቴ ሰሙ። አንድ ቃል ቢናገሩ ወሬው ይሞት ነበር፤ አልተናገሩም። ይኼን አልረሳላቸውም ብዬ ማልኩ።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ እቴቴ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው። ዓይናቸው ነው ተባለ። ከዚያ ጣታቸው ጫፉ ደነዘዘ፤ ፍም በእጃቸው አንሥተው መቃጠላቸውን እኔ ነኝ ያየሁት። ከዚያ እግራቸው። መንገድ ላይ ከግራ ቀኝ እየተላተሙ ሲሄዱ፣ አንደበታቸውም ሲጎተት፣ ሰፈሩ ሳቀ። «ብርቄ እኮ መጠጥ ጀመረች፤ የሰርጉ ጠላ የት እንደገባ አሁን ታወቀ!» አሉ። ከዋንጫ በላይ ጠጥተው የማያውቁ ሴት! ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፣ ምንም አላገኘንም አሉ። ምን እንደበሉ የጠየቀ የለም፤ የሚጠይቅ ቢኖርም መልስ የምሰጠው እኔ ነበርኩ፣ አጠገባቸው ቆሜ። መሠረት ተወለደች፣ ጤናማ፣ እጆቿ የረጉ። ስትወለድ መጀመሪያ ያየሁት እጆቿን ነው። እቴቴን ሦስት ዓመት አጠብኳቸው፣ አጎረስኳቸው፣ ተሸከምኳቸው። ሰፈሩ ደግሞ ዞሮ «እንዲህ ያለች ምራት የት ይገኛል!» አለኝ። ሲመርቁኝ አሜን እላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ደግ ሆኖ ደጅ አውጥቻቸው፣ አጥሚት በማንኪያ እያጠጣኋቸው ነበር። ታደሰ መንገድ ላይ ነው፣ ልጄ ተኝታለች። እቴቴ አንድ ቃል ለማውጣት ብዙ ይደክሙ ስለነበር ሲጠሩኝ ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

«ያን ማሽላ... ስታጥቢ...» አሉ። «ቀለም አይተሽ ነበር?»

«የቱን ማሽላ፣ እቴቴ?» አልኩ፣ የቱን እንደሆነ እያወቅኩ።

«የሰይድን።»

«ኧረ አላየሁም» አልኩ። ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ወዲያው ወጣ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ያ የልጅነት ቃላቸው። «እኔ አይቻለሁ። ኬሻውን ሳራግፍ... ቀይ ዱቄት ወረደ። የዘር መድኃኒት እንደሆነ ገባኝ። ታጥቧል፣ ምን ይለዋል አልኩ። ሰይድ ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ያመጣውን እንዴት ልድፋው? ጥንስሱ ሲሞት ግን... ፈራሁ። ከሰው በፊት በኔ ይታይ ብዬ ጠጣሁት። ስድስት ቀን ምንም አላለኝ። በሰባተኛው አፌ ደነዘዘ።» ዐረፉ። አጥሚቱ አገጫቸው ላይ ወርዶ ጠረግኩላቸው። «አንቺን ያባረርኩሽ... ነፍሰ ጡር ነበርሽ። ሳትነግሪኝ ዐውቄአለሁ። እጅሽ ምን አለው? ደህና እጅ ነው። ሰው ሲያማሽ ዝም ያልኩት ሰይድ እንዳይሰማ ብዬ ነው። እሱን ይቅር በይኝ።»

ከአፌ ልትወጣ የሚገባት አንዲት ቃል ነበረች፣ «አይቻለሁ» የምትል፤ ከዚያ የበለጠ ጊዜ አይመጣም፣ ከዚያ የቀለለም። አፌን ከፈትኩ። «ይቅር ብያለሁ፣ እቴቴ» አልኳቸው።

«ካላየሽስ ደግ» አሉ። «የኔ ሥራ ብቻ ነው። አንቺ የለሽበትም።»

ማንኪያውን አነሣሁና የቀረውን አጥሚት አጠጣኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ዐረፉ። ብቻቸውን ያደረጉት መስሏቸው ነው የሄዱት።